ወንዙ መልስህን አልጠበቀም

ሰኔ 18 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ሲነሣ ደረቅ ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ረጥቦ ካገኘኸው ጥፋቱ የእኔ አይደለም። እናትህ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ። ወንዙ ግን ከሁላችንም የተሻለ ጤና ላይ ነው፤ በየቀኑ ይወፍራል።

በስልክ ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ። ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ድምፅህ አጠገቤ የተቀመጥክ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለ ቤቱ ስጀምር ግን “ሄሎ? ሄሎ? አይሰማም እኮ እታለም” ትላለህ። ወረቀት ላይ “አይሰማም” አይባልምና ይኸው ጻፍኩልህ።

የዘንድሮው ዝናብ ጉደኛ ነው። ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ፤ አንድ ቀን እንኳ እፎይ አላለም። ከበራችን ወደ ወንዙ ከሚያወርዱት ሰባት የድንጋይ ደረጃዎች ሁለቱ ተውጠዋል። ምድር ቤት ያለው የስፌት ክፍሌ ግድግዳው እንደ በሽተኛ ያልበዋል። መርፌው ባደረ ቁጥር ይዝጋል። ለትምህርት ቤቱ የምሰፋው ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ ሲነኩት እንደ እንቁራሪት ሆድ ይቀዘቅዛል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ማዘጋጃ ቤቱ ወንዙ ዳር ላለነው ሁሉ ኮረብታው ላይ ምትክ ቤት ሊሰጥ ነው። እንደምታውቀው ይህን ቤት አባቴና እናትህ ወንድምና እህት ሆነው የሠሩት ነው። የአባቴ ድርሻ በእኔ ስም ነው። የእናትህ ድርሻ ደግሞ ራሷ ስላስተላለፈችልህ በአንተ ስም ነው። ስለዚህ ሁለታችንም ካልፈረምን ነገሩ አይሆንም። እኔ ፈርሜያለሁ። ቅጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሃለሁ። የመጨረሻው ቀን ነሐሴ 30 ነው። ደብዳቤ መንገድ ላይ አሥር አሥራ ሁለት ቀን ስለሚፈጅ ዛሬ ነገ ሳትል ፈርመህ መልስልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ፊርማህን ብቻ።

እኛን ከወንዙ፣ አንተንም ካለህበት ክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቀን።

የአጎትህ ልጅ


ሐምሌ 2 ቀን

ለተከበርሽው እታለም፣ ለእናቴ ምርኩዝ፣ ለቤታችን ምሰሶ፤

ባሕር የማያግደው፣ ዳመና የማያጠላበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። እኔ ከሥራ ብዛት ፋታ ከማጣቴ በስተቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ደብዳቤሽን በጥሞና አነበብኩት። እታለም፣ በመጀመሪያ ተረጋጊ። ያንን ወንዝ እኔ አውቀዋለሁ። ከሦስተኛው ደረጃ አልፎ አያውቅም። ይቆጣል፣ ያጉረመርማል፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይደክመዋል። ቢሆንም ጥንቃቄ አይከፋምና እንደ ባለሙያ የምመክርሽ አለ። በሩ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ በሁለት ረድፍ ደርድሪ፤ እንደ ጡብ ሥራ አዛንፊው። የስፌት ማሽኖቹን ብሎኬት ላይ አውጫቸው። አንድ ረጅም ዘንግ ወስደሽ በየአምስት ሳንቲሜትሩ ምልክት አድርጊበትና ውሃው ውስጥ ትከዪው። በየጧቱ አንብበሽ ቁጥሩን ብትልኪልኝ እኔ እዚህ ሆኜ አካሄዱን አሰላዋለሁ። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስምንት አሳንሰሮች በእኔ እጅ ነው የሚወጡትና የሚወርዱት፤ አንድ ወንዝ አያቅተኝም።

የአባቴ የመሣሪያ ሣጥን ምድር ቤት ከሆነ እባክሽ ወደ ፎቅ ይውጣ። ውስጡ ያሉት መፍቻዎች ዛሬ ተፈልገው አይገኙም።

ቅጹን በተመለከተ ጉዳዩን እያጠናሁት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በጥድፊያ አይፈረምም።

ለእማዬ ዝናቡ ሲያባራ እንደምመጣ ንገሪያት። ከቤቷ ንቅንቅ እንዳትል። መጥቼ የማገኛት እዚያው ነው።

ወንድምሽ


ሐምሌ 15 ቀን

ይድረስ ለወንዙ አዋቂ፤

ዛሬ ለሰላምታ የሚተርፍ ትዕግሥት ስለሌለኝ “ሰላም” የምትለዋን ቃል ብቻ ተቀበል።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ዕለት ውሃው ከምክርህ ሁለት ደረጃ አልፎ ነበር። አምስተኛው ላይ ነው። “ከሦስተኛው አልፎ አያውቅም” ያልከውን ደጅ ወጥቼ ጮክ ብዬ ላነብለት ቃጥቶኝ ነበር። ምናልባት ሳያውቅ ይሆናል ያለፈው።

ጆንያውን ደረደርኩ፤ እንዳልከውም አዛነፍኩት። አሸዋ ከየት ይመጣል ብለህ ግን አልጠየቅህም። የሰፈሩ አሸዋ ሁሉ ያለው ወንዙ ሥር ነው። ጎረቤታችን አናጢው አዝኖልኝ ጆንያዎቹን በሰጋቱራ ሞላልኝ። በማግስቱ ሰጋቱራው ውሃ ጠጥቶ አበጠና ጆንያዎቹ አንድ በአንድ ተተረተሩ። አሁን በራችን ላይ ያለውን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

ዘንጉንም ተከልኩልህ። ሁለት ቀን አነበብኩት፤ በሦስተኛው ቀን ዘንጉ ራሱ ሄደ። ቁጥሩ ካስፈለገህ ተከትለኸው ውረድ።

የአባትህን ሣጥን ለማውጣት ሞከርኩ። እሱ ብረት ነው፤ እኔ ደግሞ ሥጋ ነኝ። ባለበት አለ።

ይህ ሁሉ ቀልድ ነው። ቁም ነገሩ እናትህ ናት። አናጢው ሚስቱን ወደ ላይኛው ሰፈር እህቱ ጋ አስገብቷል፤ እሱም ዕቃውን እያመላለሰ ነው። ለእኛም የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አንድ ባዶ ክፍል ሰጥታናለች። ቁልፉን ተቀብዬ ደስ ብሎኝ መጥቼ “ተነሺ አክስቴ፣ እንሂድ” ስላት ምን አለችኝ መሰለህ?

“ልጄ ንቅንቅ እንዳትዪ ብሎኛል።”

“ያኔ ውሃው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነበር።”

“መጥቶ ባዶ ቤት ሊያገኝ ነው? አልሄድም።”

ወንድሜ፣ አሥራ አንድ ክረምት ሙሉ ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ ብለሃታል። ይህን ነገር ላነሣብህ አልፈልግም ነበር። አነሣሁት።

እንግዲህ ልመናዬን ቀይሬዋለሁ። ፊርማው ይቆይ። ለእናትህ በእጅህ ሁለት መስመር ጻፍላት። “እማዬ፣ ዘንድሮ አልመጣም። ከቤቱ ውጪ።” በቃ። ዓይኗ ፊደል መለየት ከተወ ቆይቷልና እኔ አነብላታለሁ። ሁለት መስመር ለመጻፍ ጥናት አያስፈልግም።

የአጎትህ ልጅ


ሐምሌ 28 ቀን

ለእታለም፤

በመከራ መካከል ያለሽውን እህቴን ከልብ በሆነ ናፍቆት እጠይቅሻለሁ። ደብዳቤሽ ትንሽ መረር ብሎብኛል፤ ቢሆንም ድካምሽን ስለማውቅ አልተቀየምኩም።

እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። በዛሬው ፖስታ አንድ ጥቅል ልኬልሻለሁ። ውስጡ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማና አንድ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ አለ። ፓምፑ ትንሽ ቢመስልም በደቂቃ ስልሳ ሊትር ይጎትታል። ቱቦውን በመስኮት አውጥተሽ ወደ ወንዙ መልሺው።

ሁለት መስመር ብለሽኝ ነበር፤ እኔ ለእማዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩላት። ሲጻፍ ነው መሰለኝ ናፍቆቱ የመጣብኝ። ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

ደግሞም እታለም፣ ማዘጋጃ ቤት ያለው ሁሉ ወረቀት አስፈርሞ የሰው ቤት ለመውሰድ ነው የሚሮጠው። አንቺ የዋህ ነሽ። ቅጹን አሁንም እያጠናሁት ነው።

አዲስ ዘንግ ትከዪ። ያለ ቁጥር ምንም መናገር አልችልም።

ወንድምሽ


ነሐሴ 9 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን አለህ አልልህም። እንደምን እንዳለህ ጥቅሉን ስፈታ ገብቶኛል።

ቦት ጫማው አርባ አራት ቁጥር ነው። የእኔ እግር ሠላሳ ሰባት ነው፤ አብረን አድገን ይህን አለማወቅህ ራሱ ይገርማል። በአንዱ ቦት ሁለቱም እግሮቼ ይገባሉ። አንደኛውን ጣራው የሚያፈስበት ቦታ አቁሜዋለሁ፤ በየጧቱ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ይህን ያህል ጠቅሞናል።

ፓምፑ በመብራት ነው የሚሠራው። ሰፈሩ ውሃ ሲገባው መብራት ይቆረጣል። ካለ መብራት ይኸው ሃያ ቀናችን። ውሃ በሌለበት ጊዜ ግን በጣም ጥሩ ፓምፕ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

አሁን ስለዚያ ሦስት ገጽ። ለብቻዬ አነበብኩት። “እማዬ አይዞሽ፣ ጠንክሪ፣ በቅርቡ እመጣለሁ፣ ክፍሌን አናፍሱልኝ” ይላል። ደሜ ፈላ። ውሃ ስፌት ክፍሌ ገብቶ ቁርጭምጭሚቴን እየላሰው አንተ ክፍልህ እንዲናፈስልህ ትጠይቃለህ!

አላነበብኩላትም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁና ከራሴ ፈጠርኩ። “እናቴ ሆይ፣ ዘንድሮ አይሆንልኝም፤ እባክሽ ከእህቴ ጋር ሂጂልኝ” እያልኩ አነበብኩላት። ሰማችኝና “እስቲ ድገሚልኝ” አለች። ደገምኩላት። ምን ያደርጋል፣ የመጀመሪያውን ቃል በቃል አላስታወስኩትም።

“በመጀመሪያው ላይ ‘እናቴ ሆይ’ ነበር የሚለው” አለችኝ።

“አሁንስ?”

“አሁን ‘ውድ እማዬ’ ሆነ። ሲደጋገም የሚያምር ደብዳቤ ነው የላከልኝ።”

ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ስለ መሄድ ያነሣነው የለም። በዚህ ዕድሜዬ በሰው ደብዳቤ ዋሸሁ፤ እሱም አልሠራልኝም።

ከእኛ ዝቅ ብሎ ያለው ቤት ትናንት አጥሩን አጥቷል። አናጢው እስካሁን ጎረቤት ላለመተው ብሎ በየቀኑ እየመጣ ያየናል። የሰው ልጅ ባዳ ሆኖ ይህን ያህል ሲያስብ የገዛ ዘመዴ ቁጥር ላኪ ይለኛል።

ካሁን በኋላ አልለምንህም፤ እጠይቅሃለሁ። ለምንድን ነው የማትፈርመው? ሁለት ወር ሙሉ ታጠናለህ። ቅጹ ፈተና አይደለም። ምክንያትህ ምን ይሁን ምን ንገረኝና ልወቀው። መናገር የማትፈልገው ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ስትዋሽ ደብዳቤህ ይረዝማል።

የአጎትህ ልጅ


ነሐሴ 11 ቀን

ለእታለም፤

ሰላምሽ ይብዛ። ሬዲዮ በእናንተ በኩል ያሉት ወንዞች ሁሉ እንደሞሉ ሲናገር ሰማሁ። መልስ ስላላገኘሁ ነው ይህችን በጥድፊያ የምጽፈው። ጥቅሉ ደረሰ? ፓምፑ እንዴት ነው? ቱቦውን በደንብ አጥብቀሽዋል?

እማዬ ደብዳቤዬን ስትሰማ ምን አለች? ያለችውን እንዳለ ጻፊልኝ፤ አታሳጥሪው።

ስልኩ አይጠራም። አሁንስ የእውነት አይሰማም።

ወንድምሽ


ነሐሴ 19 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

እናትህ በሕይወት አለች። ሰላምታው ይኸው ነው።

ይህን የምጽፍልህ ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። እናትህ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ፍራሽ ላይ ጋደም ብላለች። በዚህ ክፍል አራት ቤተሰብ ነን።

ነሐሴ 16 እኩለ ቀን ላይ ነው የመጣው። ከላይ የተጠራቀመው ውሃ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ድምፁ ብዙ የጭነት መኪና አንድ ላይ የተነሣ ይመስል ነበር። የስፌት ክፍሌን በር ገፍቶ ገባ። ሁለቱን የእጅ ማሽኖችና አንድ ጣቃ ጨርቅ አንሥቼ ወደ ፎቅ ሮጥኩ። ባለብረት እግሩን ትልቁን ማሽኔን ዓይኔ እያየ ተውኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ።

አናጢው ሁለት በር አራት ባዶ በርሜል ላይ አስሮ የሠራውን ታንኳ መሰል ነገር በጓሮ በኩል እየገፋ መጣ። የውጭውን ደረጃ ታውቀዋለህ፤ እኩሌታው ተውጦ ስለነበር እዚያው ደረጃው መሐል ላይ አስጠጋውና “ቶሎ በሉ! ይህ ገመድ ብዙ አይታገሠኝም!” ብሎ ጮኸ።

ስገባ እናትህ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ልትሄድ የተዘጋጀች መስሎኝ ልቤ መለስ አለልኝ።

“ተነሺ፣ አናጢው መጥቷል።”

“አልሄድም።”

“ካፖርቱን ለምን ለበስሽ ታዲያ?”

“በርዶኝ ነው።”

ተቆጥቻት የማላውቀውን፣ ያሳደገችኝን ሴት ጮኽኩባት። “አይመጣም! ልጅሽ አይመጣም! አሥራ አንድ ክረምት አልመጣም፣ ዘንድሮም አይመጣም! ያ ደብዳቤም የእኔ ውሸት ነው!”

“አውቃለሁ” አለችኝ፣ ምንም ሳይመስላት።

“ምኑን?”

“ሁሉንም። ጃጅቻለሁ እንጂ ሞኝ ነኝ እንዴ?”

“እና ታዲያ ለምንድን ነው እዚህ የምትጨርሽን?”

የካፖርቷን ጫፍ ጉልበቷ ላይ እየጎተተች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ደረጃ መውረድ አልችልም” አለችኝ። “ከሚያዝያ ጀምሮ እግሬ አይታዘዘኝም። ወንዶች እንደ ጆንያ አንጠልጥለው ሲያወጡኝ ሰፈር ቆሞ ከሚያየኝ...” አልጨረሰችውም።

አራት ወር ሙሉ “ዛሬ ደከም ብሎኛል፣ ምሳዬን ወደዚህ አምጪልኝ” ስትለኝ እሺ እያልኩ አመላለስኩ። አንድ ቀን እንኳ “እስቲ ቆመሽ ታዪኝ” አላልኳትም። አንተን ከባሕር ማዶ ሆነህ አታይም እያልኩ ስወቅስህ፣ እኔ ከአንድ ግድግዳ ማዶ አላየሁም። ይህንን ስጽፍልህ ደስ ብሎኝ አይደለም።

ጣቃውን ዘረጋሁና ሦስት ሜትር ያህል ቀደድኩ። “ወንድ አይነካሽም። እኔ ነኝ የማዝልሽ” አልኳት።

“አንቺ? ወገብሽስ?”

“ወገቤን ተዪው፣ እጅሽን አንገቴ ላይ አድርጊ።”

እንደ ሕፃን ጀርባዬ ላይ አሰርኳት። እውነቴን ነው የምልህ፣ በልጅነትህ ሳዝልህ አንተ ከእሷ ትከብድ ነበር። ደረጃው አፍ ላይ ስንደርስ አናጢውን ከላይ ሆና “አንተ! ፊትህን አዙር!” አለችው። ያ ትልቅ ሰው ገመዱን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ውሃው ደረቱ ላይ እየደረሰ፣ ታዝዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ደረጃው እያንሸራተተኝ ዘጠኝ እርምጃ ወረድኩ። እሷ ጀርባዬ ላይ ሆና “ይህ ጨርቅ የሰው ነው፤ እያቆሸሽሽው ነው” ትለኛለች።

ትናንት ጠዋት ቤቱ ወደቀ። መጀመሪያ የስፌት ክፍሉ ግድግዳ፣ ከዚያ ፎቁ ጎንበስ ብሎ ተከተለው። አናጢው ቆሞ አይቶ መጥቶ ነገረን። እናትህ “አጠገቡ ሰው ነበር?” ብላ ጠየቀች። አልነበረም ሲላት ራሷን ነቀነቀችና ውሃ ስጡኝ አለች።

የአባትህን ሣጥን አላወጣሁም። ያለኝ አንድ ጀርባ ነው፤ እሱንም ለእናትህ አዋልኩት።

ካሁን በኋላ የምጠይቅህ ነገር የለኝም።

የአጎትህ ልጅ


ነሐሴ 21 ቀን

ለእታለም፤

የነሐሴ 9ኙ ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። አሁን ምን ላይ እንዳላችሁ አላውቅም። ስዋሽ ደብዳቤዬ እንደሚረዝም ነግረሽኛልና ይህን አሳጥረዋለሁ።

ስምንቱ አሳንሰሮች በእኔ እጅ አይደሉም። ባለፈው ጥር ከአሳንሰሩ ጉድጓድ ውስጥ ወድቄ ጉልበቴ ተሰበረ። ሦስት ወር ተኛሁ። ስነሣ ሥራዬ ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። አሁን አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ በር ላይ በምትገኝ የመስታወት ሣጥን ውስጥ እቀመጣለሁ። መኪና ሲመጣ ቁልፍ እጫናለሁ፣ አግዳሚው ይነሣል። መኪናው ሲያልፍ እጫናለሁ፣ ይወርዳል። ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚለኝ እንኳ የለም። ያንቺን ወንዝ ቁጥር ለማስላት የፈለግሁት፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

እታለም፣ አሥራ አንድ ክረምት የዋሸሁት ዘንድሮ እውነት ሊሆን ነበር። ልመጣ ነበር፤ ለጉብኝት ሳይሆን ለመኖር። ቅጹ ሲደርሰኝ “ምትክ ቤት” የሚለውን አየሁና ደነገጥኩ። የሚሰጧችሁ አንዲት ክፍል ትሆናለች፤ እማዬና አንቺ ትገባላችሁ፤ እኔ ይህን እግሬን እየጎተትኩ መጥቼ የት እወድቃለሁ ብዬ አሰብኩ። በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የምለው ጣራ እሱ ብቻ ነው። ይህን ጽፌ ልልክልሽ አፈርኩ። ስለዚህ ጆንያና ዘንግ ጻፍኩልሽ።

ፈርሜ ልኬዋለሁ። ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ። እኔ ሌላ ቦታ አላጣም።

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ እንዳለ አንብቢላት። ምንም አትቀይሪ።

የት ናችሁ?

ወንድምሽ


ጳጉሜ 4 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥህ፤ በተለይ ጭንቅላትህን። ቅጹ ጀርባ አለው! አንድ ወረቀት ለመገልበጥ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሁለት ወር “አጠናሁት” ያልከው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው? ጀርባው ላይ በትልቁ “ሦስት ክፍልና ማድ ቤት” ይላል። የክፍሉ ቁጥር የተወሰነው በቤቱ ባለመብቶች ነው፤ አንደኛዋ ክፍል ከመጀመሪያውም ለአንተ ነበረች። እኛ ወንዝ ውስጥ ቁጭ ብለን የጠበቅነው አንተ ያላነበብካትን አንዲት መስመር ነው። ከትናንት ወዲያ ይህን ሳስብ ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ፤ ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ አብረውን ያሉት ሰዎች አበደች አሉ።

እናትና ልጅ ደግሞ እንዴት ትመሳሰላላችሁ! እሷ እግሯን ከእኔ ትደብቃለች፣ አንተ እግርህን ከእሷ ትደብቃለህ፣ እኔ መሐል ሆኜ ውሃ እቀዳለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጳጉሜ 2 ነው። እንዳልከው አንድም ቃል ሳልቀይር አነበብኩላት። “ድገሚልኝ” አለች። ሁለተኛውም ያው ሆነ። ከዚያ “የትኛው ጉልበቱ ነው?” አለችኝ። መቼ ጻፍከው! ዋናውን ነገር መተው ልማድህ ነው።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። እናትህ ካልሄድኩ ብላ አናጢው ወንበሯን ከነእሷ አንሥቶ ጋሪ ላይ ጫናት። አንድ ጊዜ ከተነካች ወዲህ ኀፍረቱ ለቋታል፤ አሁን እንዲያውም “ወደ ግራ፣ ቀስ በል፣ በሩን አትምታኝ” እያለች ታዝዘዋለች። ጸሐፊው ቅጹን አየና “ቀኑ በሦስት ቀን አልፏል” አለ።

“ልጄ” አለችው እናትህ፣ “ወንዙ ቤታችንን የወሰደው ነሐሴ 18 ነው። እሱን ቀድመህ መጣህ፣ ነሐሴ 30 ተመለስ አላችሁት?”

ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት። ጠረጴዛው ላይ የረጠቡ መዝገቦች ተገልጠው እየደረቁ ነበር። ፖስታውን ከእጄ ተቀበለና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አገላበጠው። “ፖስታ ቤቱ ማህተም ያደረገበት ነሐሴ 21 ነው። በጊዜው የተላከ ነው” አለና መታው። ማህተሙ ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ቤቱን አይተነዋል። ግድግዳው ገና አልተቀባም፤ ከፊት ለፊቱ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፤ ደረጃ የሚባል ነገር ግን የለውም። እናትህ ከበሩ እስከ መስኮቱ የእኔን ክንድ ይዛ አራት እርምጃ ሄደች። ሁለቱን ማሽኖቼን በፊተኛው ክፍል አኑሬ ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን ሱሪ አሳጠርኩ።

ና ብዬ አልለምንህም። በዚህ ዓመት የለመንኩህ ይበቃኛል። አናጢው ግን በነፃ አልጋ እሠራለሁ ብሎ ቁመትህን ጠየቀኝ። እኔ ሳልመልስለት እናትህ ከወንበሯ ላይ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ “ይህን ያህል ነው” አለችው። አናጢው የጣቷን ጫፍ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገበት። የእጇ ርዝመት ስለማይበቃት ከወንበሩ ብድግ ልትል ሁሉ ሞክራ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አልጋው ይግባ አይግባ እንጃ። ትክክለኛውን ቁመትህን ጻፍልኝ።

የአጎትህ ልጅ


መስከረም 14 ቀን

ለእታለም፤

የቀኝ ጉልበቴ ነው።

ቅጹን ገልብጬ ያላነበብኩበትን ምክንያት ሳስበው ዋልኩ፤ ምክንያት የለውም። ይቅርታሽን ስመጣ ፊት ለፊት እጠይቅሻለሁ። መምጣቴን ለእማዬ አትንገሪያት፤ ስታየኝ ትመን።

ቁመቴ አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት ነው። ለአናጢው ግን እንዳትነግሪው። እማዬ ባሳየችው ልክ ይሥራው።

ወንድምሽ